በደሳለኝ ምስማር ላይ

እኔ ጀይሉ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ብናገረው ማመካኛ ስለሚመስል ነው። ሚስቴ ዘሃራ «አንተን ለማናደድ ዱላ አያስፈልግም፤ ፎቶህ ደብዝዟል ማለት ይበቃል» ትላለች። እውነቷን ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ቻይ ነኝ። ከወሎ፣ ከሐይቅ ተነስቼ በእግሬ መቀሌ ስገባ የሰደበኝም የገፈተረኝም ነበር፤ ሁሉንም ችዬ ኖሬአለሁ። በሥራዬ ሲመጡብኝ ግን ዓይኔ ይቀላል፣ አፌ ከልቤ ይቀድማል። እትዬ የሺወርቅ ቤቷን ያጣችው በዚህ አፌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1930 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጣልያን ከተማውን ይዞ ነበር፤ እኔም በአንድ ጣልያን ፎቶ አንሺ ዘንድ ዕቃ ተሸካሚ ነበርሁ። ካሜራውን፣ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ፣ ፎቶው የሚያዝበትን የመስታወት ሣጥን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው እሄዳለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እጁን እያየሁ ሥራውን ለቀምሁት። ሰውዬው የታዘዘው በመቀሌ ያሉትን ደህና ደህና የድንጋይ ቤቶች ውስጣቸውን እንዲያነሳ ነበር። ምሰሶውን፣ መደቡን፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈለውን የዕቃ ማስቀመጫ ሁሉ። መጽሐፍ ይሆናል፣ ወደ አስመራ ይላካል ተባለ። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል?

የቤት ውስጥ ፎቶ እንደ ደጅ ፎቶ አይደለም። ደጅ ላይ ፀሐይ አለልህ፤ የካሜራውን ክዳን ከፈት አድርገህ መዝጋት ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበርና በአንዲት ጠባብ መስኮት ስለሆነ ክዳኑን ከፍተህ ቆመህ ትቆጥራለህ። አርባ፣ ስልሳ፣ አንዳንዴ መቶ። በዚህ መሃል ሰው ከተነቃነቀ መስታወቱ ላይ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የጣልያኑ የመጀመሪያ ሕግ «ሰው ይውጣ» ነበር። ሁለተኛው ሕጉ ደግሞ ባዶ ክፍል አይነሳም የሚል ነው። ቤቱ ባዶ ከሆነ ከጎረቤት ተውሰን እንሞላዋለን፤ ምንጣፍ፣ ሣጥን፣ የነሐስ ትሪ፣ የተገኘውን። ለዚሁ ሥራ መዶሻና ምስማር ከቦርሳዬ ተለይተው አያውቁም። ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን እንመልሳለን፤ ላዋሰን ሰው ከፎቶው የመጀመሪያውን ወረቀት በስሙ ጽፈን እንሰጠዋለን። ወጉ እንዲህ ነበር። በዚህ የተጎዳ ሰው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጣልያኑን ወባ ጣለው። ትኩሳቱ ሲያንዘፈዝፈው «አንተ ሂድ» ብሎ ካሜራውን ለብቻዬ ሰጠኝ። የዚያን ቀን የደረሰው የእትዬ የሺወርቅ ቤት ነበር፤ ከእንዳ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ያለው።

እትዬ የሺወርቅ የቡልጋ ሰው ናት። አንቺ እያልሁ ማውራቴ ድፍረት እንዳይመስል፤ እኛ ወሎዬዎች አንቱታ አይሆንልንም፣ እሷም «አንቱ ካልኸኝ አረጀሁ ማለት ነው» ብላ ከልክላኛለች። ባሏ ደሳለኝ የኬላ ጸሐፊ ሆኖ ወደ መቀሌ ሲመጣ ተከትላው መጣች። ቤቱን ያሠራው እሱ ነው። ሁለት የጥድ ምሰሶ፣ ክንድ ተኩል ውፍረት ያለው ግድግዳ፣ በምሥራቅ በኩል አንዲት መስኮት። በ1928 ደሳለኝ ዘምቶ ማይጨው ላይ ቀረ። ከተማው ሲያዝ በነበረው ግርግር ቤቱ ተዘረፈ፤ የቤቱ ወረቀትም ከነሣጥኑ ሄደ። ልጅ የላቸውም። እሷ ከዚያ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች በዚያ ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር።

ስገባ የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቷ ገብቶ ግድግዳው ላይ አርፏል። ያን ብርሃን ሳይ ልቤ ዘለለ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነዋ። ክፍሉ ግን ባዶ ነበር፤ አንድ ቁርበት፣ አንድ እንስራ፣ አንድ ዱካ፣ በቃ።

«እትዬ፣ እንዲህ ባዶውን አይነሳም» አልኋት።

«ያለኝ ይኸው ነው። እንዳለ አንሳው። እኔም እዚያ መደቡ ላይ ልቀመጥ። ቀሚሴን አጥቤ ነው የጠበቅሁህ።»

አየኋት። እውነትም አጥባለች፤ ጫፉ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሰው አይገባበትም» አልሁ።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? የቤቱ ባለቤት እኮ ነኝ» አለች እየሳቀች።

«ትነቃነቂያለሽ።»

«አልነቃነቅም።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» ብዬ ወደ ጎረቤት ወጣሁ።

ጎረቤቷ አያ ከፋለ ነው፤ የጨው ነጋዴ፣ የዚያው የመቀሌ ተወላጅ። እጁ ለሰው የተፈታ ነበር። ነገሩን ስነግረው፣ በትግርኛው ወንድሜ ሲለኝ፣ «ጀይሉ ሐወይ፣ የፈለግኸውን ውሰድ፤ ቤቴ ቤትህ ነው» አለኝ። ትልቁን ቀይ ምንጣፉን ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ሣጥኑንና የነሐስ ትሪውን ሁለታችን አንስተን አስገባን። የግድግዳ ሰዓቱን፣ ያንን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሰዓት፣ ከምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ካሜራው ኋላ ገብቼ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ሳይ ሁሉም አምሯል፤ መሃል ግድግዳው ላይ ብቻ፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት፣ ባዶ ቦታ አለ። ከመሃሉ አንድ ወፍራም ምስማር ብቅ ብሏል።

ያ ምስማር የደሳለኝ ነው። ጠመንጃውን እንዲሰቅልበት በገዛ እጁ የመታው። ጠመንጃውም ባለቤቱም ማይጨው ቀርተዋል።

አያ ከፋለ በቅርቡ ጣልያኑ ዘንድ ተነስቶ ትልቅ ፎቶውን በመስታወት አስገብቶ ነበር፤ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ። ሄጄ አመጣሁት። ልሰቅለው እጄን ሳነሳ እትዬ የሺወርቅ ፊቷ ተለወጠ።

«በደሳለኝ ምስማር ላይ ሌላ ወንድ ልትሰቅልብኝ ነው?»

«እስክቆጥር ድረስ ነው፣ እትዬ። ስልሳ ቆጥሬ አወርደዋለሁ።»

«ተው ጀይሉ። ደስ አላለኝም።»

«ፎቶውን ታበላሺብኛለሽ» አልኋት። እንዲያውም ጮክ አልሁ መሰለኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣችና ደጃፉ ላይ፣ ካሜራው ከማያያት ቦታ ቆመች። ስልሳ ቆጠርሁ።

ፎቶው ድንቅ ሆነ። ጣልያኑ ከነትኩሳቱ አልጋው ላይ ተቀምጦ አየውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃ ተሸካሚነቴ ቀረ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንደ ወጉ ለአያ ከፋለ ሰጠሁት፤ ከጀርባው በእጄ «ለአያ ከፋለ መታሰቢያ። ጀይሉ፣ መቀሌ፣ 1930 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁበት። እትዬ የሺወርቅ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «የእኔስ ወረቀት?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። ጣልያኑ መስታወቶቹን ሁሉ ወደ አስመራ ሰደዳቸው፤ ያለ እነሱ ወረቀት አይወጣም፤ ነገዬም ሳይመጣ ቀረ።

በ1932 ጣልያን መንገድ አሰፋለሁ ብሎ የአያ ከፋለን ቤት አፈረሰው። በሁለት ቀን ውስጥ ውጣ አሉት። ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ይዞ ደጅ ላይ ሲቀር፣ በሯን የከፈተችለት እትዬ የሺወርቅ ናት። በአጥሯ ጥግ ያለችውን ክፍል ሰጠችው። ምንጣፉንም፣ ሰዓቱንም፣ ያንን ፎቶውንም ይዞ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ጣልያን ወጣ፤ የእኔም ጌታ ተማርኮ ሲሄድ አሮጌው ካሜራ እኔው ጋ ቀረ። ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ይዤ ፎቶ ቤት ከፈትሁ።

አያ ከፋለ ግን ከዚያች ጠባብ ክፍል አልወጣም። ሰባት ነፍስ ባንድ ክፍል። ቤት ልሥራ ቢል የፈረሰበትን ቦታ መንገዱ በልቶታል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ ስል ዘሃራ ትቆጣኛለች፤ እኔ ግን የማውቀውን ነው የምናገረው። መጀመሪያ «እስቲ ልጆቹን ትልቁ ክፍል ላሳድር» አለ። ቀጥሎ «ቤቱን እኮ ደሳለኝ ሲያሠራ ድንጋዩን ያመላለስሁት በእኔ አህዮች ነው» ማለት ጀመረ። በ1934 ፍርድ ቤት ገብቶ ቤቱ የእኔ ነው፣ ሴትዮዋን በቸርነት ነው ያስቀመጥኋት ብሎ ከሰሳት። ማስረጃህ ምንድን ነው ሲሉት ያን እኔ ያነሳሁትን ፎቶ አወጣ።

እትዬ የሺወርቅ ፎቶ ቤቴ መጣች።

«ቤቱን የሠራው ግንበኛ አስናቀ ሞቷል። ጎረቤቱ የከፋለ ዘመድ ነው፤ ያልተዛመደውም ለመጤ ብሎ ከአገሩ ልጅ አይጣላም። ወረቀት የለኝም። ጀይሉ፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ዕቃውን ከየት እንዳመጣኸው ተናገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አፈር ልብላልሽ፣ እናገራለሁ» አልኋት። ከልቤ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ዘሃራ ጥምጣሜን እያቀበለችኝ «አደራህን። የጠየቁህን ብቻ መልስ። ስለ ሥራህ ከነኩህ ደግሞ ምራቅህን ዋጥ አድርገህ ዝም በል» አለችኝ። «ልጅ ነኝ እንዴ?» ብያት ወጣሁ።

ፍርድ ቤቱ ከቤተ መንግሥቱ ዝቅ ብሎ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰው ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ፈንታሁን ተቀምጧል፤ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ነው። ከሳምንት በፊት ይኸው ሰው ሱቄ መጥቶ የመንግሥትን ቤቶች በሙሉ ውስጣቸውን እንዳነሳለት ሊያዘኝ እንዳሰበ ነግሮኝ ነበር። ሳየው ደረቴን ነፍቼ ቆምሁ። ይህንንም ልናገር፤ ቁጣዬ ብቻውን አይደለም ያጠፋኝ።

ቁርአን አስይዘው አስማሉኝ። የአያ ከፋለ ነገረ ፈጅ ደመላሽ የሚባል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ፎቶውን ይዞ መጣና ከጀርባው ያለው ጽሕፈት የማን ነው አለኝ። የእኔ ነው አልሁ። ቀጥሎ የዕቃውን ነገር ይጠይቀኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰው የጣልያን ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ገበያ ላይ ስለ ሥራው የሚወራውን ሰምቻለሁ። ጀይሉ የሚያነሳው ማስመሰል ነው፣ የሌለውን ያለ ያደርጋል፣ ዓይን ማታለል ነው ይላሉ። እኔ አላምንም። ግን ከራሱ አፍ ብንሰማው አይሻልም?» ወደ እኔ ዞረ። «ሥራህ ማታለል ነው ይባላል። ነው?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። አቶ ፈንታሁን ቀና ብሎ አየኝ። ደሜ ፈላ። ዘሃራም፣ እትዬ የሺወርቅም፣ የመጣሁበትም ነገር ከራሴ ጠፋ።

«ወላሂ!» አልሁ። «የእኔ ካሜራ ዋሽቶ አያውቅም። ያነሳሁት ሁሉ የነበረ ነው። በፊቱ ያልነበረ ነገር አንድም ቀን አውጥቼ አላውቅም። ማታለል ነው የሚል ካለ ፊቴ ቆሞ ይናገር።»

ደመላሽ እጅ ነሳኝ። «ይጻፍልኝ ጌታዬ» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። «እንግዲህ፣ ይህ ምንጣፍ የማን ነው?»

«የአያ ከፋለ ነው። ግን...»

«ሰዓቱስ? ይህ ሰዓት የማን ነው?»

«የአያ ከፋለ። እኔ ነኝ...»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶስ የማን ነው?»

የገባሁበት ገደል ያኔ ነው የታየኝ። ደመላሽ ፎቶውን ለዳኛው ሰጠና እትዬ የሺወርቅን አያት፤ ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ምስክሩ ካሜራዬ አይዋሽም ብሎ ምሏል። በ1930 ዓ.ም. ከፋለ የራሱ ቤት በጎን ነበረው። የእሱ ምንጣፍ፣ የእሱ ሰዓት፣ የገዛ ምስሉ በዚህች ሴት ክፍል ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? የእሷስ ምስል የታለ? ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቤቱ የከፋለ ነው፤ ወይም ባሏ በሞተ በሁለት ዓመቱ ከፋለ ከዚያ ክፍል ሌላ ጉዳይ ነበረው።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅም ጉርምርምታም ተነሳ። አያ ከፋለ አንገቱን ደፋ። እንዲህ እንደሚባል እሱም አላወቀም መሰለኝ፤ ግን ቀና ብሎ አልተናገረም።

«እኔ ነኝ የሰቀልሁት!» ብዬ ጮህሁ። «ተውሼ ነው! ሁሉንም ተውሼ ነው ያስገባሁት፣ እሷን እኔ ነኝ ያስወጣኋት!»

ዳኛው እጁን አነሳ። ሽማግሌ ነው፤ ክፉ ፊት የለውም። «አንተ ሰው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ቅድም በፊቱ ያልነበረ አላወጣሁም ብለህ በመጽሐፍህ ምለሃል። አሁን ደግሞ አስመስዬ ነው ትላለህ። በየትኛው ልያዝህ? በሐሰት የማለ ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ግርፋቱን አውቃለሁ፣ እስራቱን አውቃለሁ። ፈንታሁንም እያየኝ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ፤ «የአሁኑ ነው እውነቱ» ማለት። አፌን ከፈትሁ። በሰው ስድብ ፈጥኖ የሚከፈተው አፌ ያን ጊዜ አየር ብቻ አወጣ። ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ የማፍረው በመሐላዬ ሳይሆን በዚያ ዝምታዬ ነው።

እትዬ የሺወርቅ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ማይጨው ነው የቀረው። አስከሬኑን አላየሁም፣ መቃብሩን አላውቀውም። ስሙ ብቻ ነው ያለኝ። እሱን እንዲህ እያደረጉ ከሚስቁበት፣ ቤቱን ይውሰደው።»

ዳኛው ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቃት። ሁለቴም ያንኑ አለች። ጸሐፊው ጻፈ፤ የስድስት ቀን ጊዜ ሰጧት።

አምስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ተኛሁ። ፈንታሁን ሰው ልኮብኝ ነበር፤ አልወጣሁም። በስድስተኛው ጠዋት ዘሃራ ብርድ ልብሱን ገፈፈችብኝ። «ሂድና ፊቷን እያት። ብትሰድብህ ተሰደብ፣ ብትተፋብህ ተተፋ። እሷ እየወጣች አንተ የምትተኛበት ምን ፊት አለህ?» አለችኝ። የምይዘው ነገር ቢጠፋኝ ካሜራዬን ይዤ ሄድሁ።

ወደ ደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ በሱ ወርዳ ቡልጋ ዘመዶቿ ጋ ልትገባ ነው። ዕቃዋ አንድ ስልቻ ነበር። ክፍሉ ያኔ መጀመሪያ እንዳየሁት ባዶ ነው። አያ ከፋለ እስክትወጣ ዕቃውን አላስገባም። ይሉኝታ ይዞት ይሆናል።

«መጣህ?» አለች።

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዘችኝ። «ተው። ለዚህ ጊዜ የለኝም። መዶሻህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ያን ምስማር ንቀልልኝ።»

ወደ ግድግዳው ሄድሁ። ደሳለኝ አጥብቆ ነው የመታው፤ በመዶሻው ጥርስ ብስበው ብስበው እንቢ አለ። ላቤ ጠብ እስኪል ታገልሁ። በመጨረሻ የእጄን መዳፍ የሚያህል ጭቃ ይዞ ወጣ። ሰጠኋት። አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከዚያ ሄዳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አሁን አንሳኝ» አለች። «ምንም እንዳታስገባ።»

ካሜራዬን ተከልሁ። ጥቁሩን ጨርቅ ስከናነብ እያለቀስሁ ስለነበር ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ክዳኑን ከፍቼ ስልሳ ቆጠርሁ። ቆጥሬ ስጨርስ ተነስታ ስልቻዋን አነሳች።

«ወረቀቱን ነገ አወጣና በመኪና እልክልሻለሁ» አልኋት።

«ነገህን አውቃታለሁ፣ ጀይሉ» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ልሸኝሽ ብላት እንቢ አለች፤ ብቻዋን ቁልቁለቱን ወረደች።

መቆሚያዬን እያጣጠፍሁ ሳለ አያ ከፋለ ገባ። ከኋላው ልጆቹ ምንጣፉን ተሸክመዋል፤ እሱ ያን በመስታወት የገባ ፎቶውን በብብቱ ይዟል። ሊያየኝ አልፈለገም። ግድግዳውን አየ፤ የተቦረቦረውን ቀዳዳ አየ።

«ጀይሉ ሐወይ» አለ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «አንተ ምስማር አታጣም። አንድ ስጠኝ እስቲ።»

ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ውስጡ ከሃያ የማያንሱ ምስማሮች አሉ።

«የለኝም» አልሁ። አልማልሁም፤ መሐላዬን ጨርሻለሁ። ስወጣ ምስማሮቹ ቦርሳዬ ውስጥ ተንኳኩ። መስማቱን ሰምቷል፤ ግን አልጠራኝም። በማግስቱ ከሌላ ቦታ ገዝቶ መታው። ዛሬም ፎቶው እዚያው አለ ይላሉ፤ እኔ ገብቼ አላየሁም።

እኔ ግን ከዚያ ቀጥታ ወደ ሱቄ ሄድሁ። ነገ አላልሁም። በርና መስኮቱን ዘግቼ በጥቁር ጨርቅ ሸፈንሁት። ዘሃራ ከዓይናለም ምንጭ በአህያ ያስመጣችው ንጹሕ ውሃ ነበር፤ በሱ መድኃኒቱን በጥብጬ መስታወቱን ነከርሁት። ምስሉ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ መስኮቷ፣ ቀጥሎ ምሰሶዎቹ፣ ቀዳዳው። እሷ ጭስ ሆና እንደምትወጣ ጠብቄ ነበር። እንዲያውም እንደዚያ እንድትሆን ተመኝቻለሁ፤ ያኔ የጣልያኑ ሕግ እውነት ነበር፣ ያን ቀን ማስወጣቴ ለሥራው ብዬ ነበር ማለት እችል ነበር።

መስታወቱን በፋኖሱ ቀይ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። የነጠላዋ ጥለት ይታያል። የአሥር ጣቶቿ ጥፍር አንድ በአንድ ይቆጠራል። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ምስማር እንኳ ቅርጹ ይታወቃል። ስልሳ ስቆጥር አንዲት ፀጉር አልተነቃነቀችም። ያን ቀንም ባስቀምጣት አትነቃነቅም ነበር።